ሩዙ ለመልሱ ነው

ሰው ባልታሰበ ቦታ ከሚያውቀው ሰው ጋር ሲፋጠጥ ቶሎ ብሎ የሌላውን ምክንያት ይጠይቃል፤ የራሱን እንዳይጠየቅ። አዛውንቱ ጂየን ሹይሙም በማለዳ ነጠላ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ከሱዩን የቶፉ ሱቅ ጓዳ ብቅ ሲሉ፣ የወንድ ልጃቸውን የጓንቲንግን ባል ዪሹንን አግዳሚው ላይ ተቀምጦ አገኙትና ቀድመው ተናገሩ።

«አንተ ልጅ፣ በዚህ ማለዳ ምን እግር ጣለህ?»

«ትኩስ ቶፉ አሰኝቶኝ ነው አባባ። እርስዎስ በደህና ነው?»

«ቧንቧ ተበላሽቶባት ነበር። ልጠግንላት መጥቼ ነው።»

ዪሹን የአዛውንቱን እጅ አየት አደረገ። መፍቻ የለም፤ ያለው ጫማ ነው። ዪሹን በታይናን ከተማ የሥነ ሕይወት መምህር ነው። ተማሪ የሚያስተምር ሰው ደግሞ ብዙ ነገር አይቶ እንዳላየ ማለፍን ይለምዳል።

«ውሃ ባለበት ጫማ ማውለቅ ጥሩ ነው» አለ።

ሱዩን ከድስቷ ዞር ሳትል፣ «ቧንቧው አሁን ደህና ሆኗል» አለችና ከአኩሪ አተር ወተት በረጋው ቶፉ ላይ የዝንጅብል ሽሮፕ አፍስሳ ለሁለቱም አቀረበች።

ሹይሙ ሚስታቸው ከሞተች፣ ሱዩንም ባሏን ከቀበረች ቆይቷል። ሁለቱም የማንም ዕዳ የለባቸውም። ነገር ግን ሹይሙ በዚያች የዓሣ ኩሬ በሚበዛባት መንደር የባሕር እናት ቤተ መቅደስ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ናቸው። የቤተ መቅደስ ሊቀ መንበር ደግሞ ከቶፉ ሻጭ ጓዳ ሲወጣ መታየት የለበትም። መታየት የለበትም እንጂ፣ መውጣት የለበትም ያለ የለም።

«አባባ» አለ ዪሹን፣ ማንኪያውን እያማሰለ፣ «እንዲያውም ወደ ቤትዎ ልመጣ ነበር። ስለ ቀዩ ወረቀት ነው።»

የሹይሙ ፊት በራ። «አየኸው? አምሯል አይደል?»

«አምሯል። እንዲያነሱልን ልለምንዎት ነው።»

ቀዩ ወረቀት በቤተ መቅደሱ ዋና ምሰሶ ላይ የተለጠፈ፣ ቁመቱ ሰው የሚያህል ነው። በየዓመቱ የባሕሯ አምላክ የእናቲቱ ልደት ሲከበር የደም መሰብሰቢያው መኪና ግቢው ውስጥ ይቆማል፤ ደም የሰጠ ሰው ስሙ በድምፅ ማጉያ ይጠራል፤ አንድ ከረጢት ሩዝም ይሸከማል። ሹይሙ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ቀርተው አያውቁም። ምክንያት አላቸው፤ ሚስታቸው ጓንቲንግን ስትወልድ ደሟ ፈስሶ አልቆ ነበር፤ ያተረፋት ስሙን እንኳ የማያውቁት ሰው ደም ነው። ዘንድሮ ዕድሜያቸው ከሚፈቀደው ጣሪያ ሊደርስ ስለሆነ የመጨረሻቸው ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ በወርቅ ቀለም አስጻፉ፦ «የጂየን ቤት። አባት እጅጌውን ያወርዳል፤ ልጅ እጅጌውን ይሰበስባል።» ልጁን ግን አልጠየቁትም። በዚያ አገር አባት በረከት ሲያወርስ ፈቃድ አይጠይቅም።

«መርፌ መፍራቱን አውቃለሁ» አሉ ሹይሙ። «ራሱ ነግሮኛል። ግን እኮ አንድ ጊዜ ነው። ዓይኑን ይጨፍን።»

«ጓንቲንግ መርፌ አይፈራም።»

«በየዓመቱ ምን እያለ ነው ታዲያ የሚያመልጠኝ? አንዴ ጉንፋን፣ አንዴ ጥርሴን ተነቀልኩ። አቶንግ እኮ በድምፅ ማጉያው፣ የሊቀ መንበሩ ልጅ ጥርሱ አላለቀም ወይ ብሎ አስቆብኛል።»

«አባባ፣ ከመርፌው በፊት ጥያቄ አለ። ያውቃሉ።»

«እንዴታ።»

«ከጥያቄዎቹ አንዱ፣ ወንድ ሆነህ ከወንድ ጋር ተኝተህ ታውቃለህ ወይ ይላል። አዎ ያለ ሰው ይመለሳል። ዱሮ ዕድሜ ልኩን ነበር የሚከለከለው። ኋላ ለስላሳ ሆነና ይህን ያህል ዓመት ጠብቅ ተባለ። ከባሉ ጋር ለሚኖር ሰው ግን ያ ምን ይረባዋል? ቆጠራው በነጋ ቁጥር ከአንድ ይጀምራል።» ይህን ሲል ዪሹን ጆሮው ቀላ፤ ሹይሙም ሳህናቸውን አተኩረው አዩ።

ሹይሙ የልጃቸውን ጋብቻ አልጠሉም። እንዲህ ያለውን ጋብቻ የሚፈቅደው ሕግ በወጣ ሰሞን ሠርጉ ላይ ተገኝተው ከቀዝቃዛው ሳህን እስከ መጨረሻው ሾርባ ሁሉንም በልተዋል፤ አንዲት ቃል አልተናገሩም። በመንደሩ ይህ ምርቃት ይባላል። ነገር ግን የልጃቸው ትዳር ከደም መኪናው ደጅ እንደሚያደርስና እዚያም እንደሚያስቆም አስበው አያውቁም ነበር።

«ታዲያ አይደለም ይበል» አሉ።

«እንዴት?»

«አላውቅም ይበል። አንዲት ቃል ናት። ማን አልጋችሁ ሥር ገብቶ ያያል?»

አንባቢ በአዛውንቱ ላይ ቶሎ እንዳይፈርድ። እኚህ ሰው ሳቢሳ ወፍ እንጂ መኪና በማያልፍበት የኩሬ ዳር መንገድ ላይ ቀይ መብራት ሲበራ ሞተራቸውን አቁመው የሚጠብቁ ናቸው። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ግን እንዲህ ነው፤ ሌባ በማያስገባ ቤት በዋናው በር ይገባል። ከሁሉ አብልጠው በሚያከብሩት ነገር ልጃቸው እንዲዋሽ የመከሩት በክፋት አይደለም። ወረቀቱ ከተለጠፈ ወዲህ መንደሩ ሁሉ አንብቦታል።

ዪሹን አልተቆጣም። «አባባ፣ እማማን ያተረፋት ደም የማን ነበር?»

«ነግሬሃለሁ፣ አላውቅም።»

«ያ ሰው ያን ዕለት ጎረቤት እንዳያፍርበት ብሎ ዋሽቶ የሰጠ ቢሆን ኖሮስ?»

ሹይሙ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ሱዩንም ማማሰሏን ተወች።

«ጓንቲንግ ፈሪ መባሉን የመረጠው ለዚህ ነው» አለ ዪሹን። «ፈሪ ቢሉት ሰው አይሞትም። ቢዋሽ ግን ውሸቱ የሚገባው የበሽተኛ ደም ሥር ውስጥ ነው።»

«ልክ ነው» አሉ ሹይሙ ቀስ ብለው። ቀጥሎም ወንበራቸውን አመቻችተው ያልተጠበቀ ነገር ተናገሩ። «እንዲህ ከሆነ ሕጉም ልክ ነው። ደም ለበሽተኛ ነው እንጂ ለእኛ ኩራት አይደለም። መንግሥት አትስጡ ካለ የሚያውቀው ነገር አለ።»

«ደም ለበሽተኛ ነው በሚለው እስማማለሁ።»

«ታዲያ ምን ያከራክረናል?»

«ጥያቄው ነዋ። ሕጉ ሲወጣ ክፋት አልነበረበትም። ኤድስ አዲስ በሽታ ነበር፤ መመርመሪያ የለም፤ ሰው ያልቃል። ስለዚህ በሩን ጥርቅም አድርገው ዘጉት። ዛሬ እኮ የያንዳንዱ ሰው ደም ይመረመራል።»

«ከተመረመረ መጠየቁን ምን አመጣው?»

«በሽታ በገባ ሰሞን ምርመራው አያየውም፤ ለተወሰነ ጊዜ ተደብቆ ይቆያል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚያውቅ ቢኖር ሰውየው ራሱ ነው። ለዚያ ነው የሚጠየቀው። ነገር ግን የሚጠቅመው ጥያቄ፣ በነዚህ ወራት ምን አደረግህ የሚለው ነው። አሁን የሚጠይቁት ምን ዓይነት ሰው ነህ ብለው ነው። ጓንቲንግና እኔ ከተገናኘን ወዲህ ሌላ ሰው አናውቅም፤ ሁለታችንም ተመርምረናል። እሱ ይመለሳል። በየበዓሉ አዲስ ሴት የሚቀያይረው ጎረምሳ ግን፣ ከወንድ ጋር ሲባል ኧረ ወዲያ ብሎ ክንዱን ይዘረጋል። ብዙ አገሮች ይህን አይተው ጥያቄውን ቀይረዋል፤ ወንዱንም ሴቱንም፣ ያገባውንም ያላገባውንም እኩል ስለሥራው ይጠይቃሉ። በሩ አልተከፈተም አባባ፤ ዘበኛው ነው ማየት የጀመረው።»

ሹይሙ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዓሣ ያረቡ ሰው ናቸውና ሲያስቡ ወደ ውሃ ይሄዳሉ።

«ዓሣው በበሽታ ባለቀበት ዓመት» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «የወረዳው ሹም በዚህ ዳርቻ ያለውን የኩሬ ውሃ ሁሉ አስፈሰሰ። የእኔ ጤነኛ ነበር። ነጭ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ጭቃው ላይ ሲቀሩ እስከ ዛሬ ይታየኛል።»

«ሹሙ ጥፋተኛ ነበር?»

«ያኔ? ያኔ ማን ምን ያውቃል። ኋላ ግን ከየኩሬው ውሃ በጠርሙስ እየቀዱ መመርመር ጀመሩ። የታመመውን ይዘጋሉ፣ ደህናውን ይተዋሉ። ዛሬ መጥተው ኩሬህ የዚህ ዳርቻ ስለሆነ አፍስስ ቢሉኝ በአካፋ ነው የማባርራቸው።»

የተናገሩት ነገር ወደ ራሳቸው ጆሮ እስኪደርስ ጥቂት ቆየ።

«ተንኮለኛ ነህ» አሉት።

«እኔ ምን አልኩ አባባ? የተናገሩት እርስዎ ነዎት።»

«መምህር ሁሉ እንዲህ ነው። ዝም ብሎ ሰውን ያናግራል።» ሹይሙ ቶፉአቸውን ሁለት ጊዜ ጎርሰው ድንገት ቀና አሉ። «ቆይ፣ ሁሉም ሰው እኩል ይጠየቅ ስትል፣ እኔም?»

«እርስዎም።»

«እኔ የሰባ ዓመት ደጃፍ ላይ ያለሁት፣ አዲስ ወዳጅ ይዘሃል ወይ ልባል ነው? እናቲቱ ፊት?»

ከድስቱ በኩል ሳቅ የሚመስል ነገር ተሰማ።

«አሁንም እኮ ወረቀቱ ላይ አለ» አለ ዪሹን። «አዲስ ወዳጅ ስለመያዝ፣ ቤት ውስጥ የጉበት በሽታ ያለበት ሰው ስለመኖሩ፣ ሁሉም ተጽፏል። ሲጠየቁ ነው የኖሩት።»

«ማን ጠየቀኝ? ነርስ ኬ ገና ስታየኝ፣ ሊቀ መንበር እርስዎማ ምን ይጠየቃሉ ትልና ራሷ አይደለም፣ አይደለም፣ አይደለም እያለች ትሞላዋለች። ሻይ እንኳ ታስመጣልኛለች።»

ይህን በኩራት ነበር የጀመሩት። ሲጨርሱ ግን ኩራቱ አብሯቸው አልነበረም። ዓይናቸው ከአግዳሚው ሥር ወዳስቀመጡት ጫማ ሄደ። የዪሹን ዓይን ወደ ጣሪያው ሄደ።

ሱዩን ጭልፋዋን አስቀምጣ በሽርጧ እጇን እየጠረገች መጣች። «የእኔ ሰውዬ በጉበት ነው የሞተብኝ» አለች። ድምጿ እንደ ሁልጊዜው ነው፤ ጨምሩልኝ ለሚል ደንበኛ የምትመልስበት ድምፅ። «እኔን መርምሩኝ ብዬ አላውቅም። የሚጠይቀኝም አልነበረም።»

«አንቺ ደህና ነሽ» አሉ ሹይሙ ቶሎ ብለው። «ፊትሽ እንደ ቶፉሽ ነው።»

«ጉበት ፊት ላይ አይታይም፣ ሹይሙ።»

በመንደሩ ውስጥ ሊቀ መንበሩን ባዶ ስማቸውን የሚጠራ ሰው አልነበረም። ዪሹን ይህንንም እንዳልሰማ አለፈው። ተነስቶም፣ «እኔ ምንም አላየሁም አባባ። ጫማም አላየሁም» አለ። «ወረቀቱን ማንሳት አለማንሳቱን እርስዎ ያውቃሉ። ጓንቲንግ ግን ቅዳሜ ለበዓሉ ይመጣል። ይጠይቁኝ፣ እውነቱን ልናገር፣ ይመልሱኝ፤ አባቴም ቆሞ ይየኝ ብሏል። መሸሽ ሰለቸኝ ነው ያለው።»

ቅዳሜ ግቢው ከበሮና የዓሣ ሾርባ ሽታ ሞልቶት ነበር። ቀዩ ወረቀት ምሰሶው ላይ የለም። የት እንደገባ አቶንግ ሦስት ሰው ጠይቆ አላገኘም። አቶንግ የድምፅ ማጉያው ኃላፊ ነው፤ በመንደሩ ደግሞ የማይሰማ ወሬ ካለ እሱ ያልሰማው ብቻ ነው። የጥያቄው ጠረጴዛ እንደ ወትሮው ከማጉያው አጠገብ፣ ከሾርባው ድስት ማዶ ተቀምጧል። የተሰለፈ ሰው ከፊቱ ያለው ሲጠየቅ ይሰማል፤ የሚሰማውም አይደለም፣ አይደለም፣ አይደለም ነው። በዚያ ጠረጴዛ ላይ አዎ የሚል መልስ ተሰምቶ አያውቅም።

ሹይሙ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው ተሰለፉ። ከኋላቸው ጓንቲንግ አለ። ረጅም ነው፤ እንደ እናቱ ሲጨነቅ የሸሚዙን ቁልፍ ይነካካል።

«ዛሬስ የቀረ ጥርስ የለም?» አለ አቶንግ።

«ሁሉም ቦታው ነው፣ ጋሼ» አለ ጓንቲንግ።

ነርስ ኬ ሊቀ መንበሩን ስታይ ብድግ ብላ እጅ ነሳች፤ ወዲያው ብዕሯ ወረቀቱ ላይ መሮጥ ጀመረ።

«ጠይቂኝ» አሉ ሹይሙ።

«ኧረ እርስዎማ ምን ይጠየቃሉ።»

«ልጄ፣ ብዕሩን አቁሚና እንደ ሰው ጠይቂኝ።»

ጠየቀቻቸው። መጀመሪያ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ቀዶ ጥገና። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ወረቀቱን እያየች፣ ስለ አዲስ ወዳጅ ጠየቀች።

«አዎ» አሉ ሹይሙ።

የሾርባው ጭልፋ ቆመ። ከበሮ መቺው እንኳ አንድ ምት ዘለለ ይባላል፤ ይህን ግን የሚለው አቶንግ ብቻ ነው።

«ስለ... ስለ ጉበት በሽታስ? በወዳጅዎ ቤት?»

«ባሏ በእሱ ነው የሞተው። እሷ አልተመረመረችም። እኔም አልጠየቅኳትም። እዚህ አገር ማን ማንን ይጠይቃል?»

ነርስ ኬ ብዕሯን አስቀመጠች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እንግዲህ ዛሬ አይሆንም አባባ። እሷ ትመርመር፤ እርስዎም ጊዜው ይለፍና...»

«ጊዜው ሲያልፍ ዕድሜዬም ያልፋል።»

«አዎ፣ ያልፋል።»

«እሺ» አሉና ሰበሰቡት የነበረውን እጅጌ መልሰው አወረዱት። ቁልፉ እምቢ አላቸው። ጓንቲንግ ከኋላ ጎንበስ ብሎ ቆለፈላቸው። ከዚያ ራሱ ተቀመጠ፤ ተጠየቀ፤ ዝቅ ባለ ግን በማይንቀጠቀጥ ድምፅ መለሰ። አባቱ ጎኑ ቆመው ነበር። የሰው ጆሮ ወደዚያ ሲያዘነብል ሹይሙ ሰፊ ጀርባቸውን ወደ ሰልፉ አዙረው እንደ መጋረጃ ቆሙ።

አባትና ልጅ ክንዳቸው ላይ ጥጥ ሳይኖር ወጡ።

አቶንግ ማይክራፎኑን በእጁ ሸፍኖ፣ «ሊቀ መንበር፣ ስማችሁን ልጥራ ወይስ ልተው?» አለ።

ሹይሙ ማይክራፎኑን ተቀበሉት። ንግግር የሚወድ ሰው አይደሉም፤ ኮሚቴውን የሚመሩት በማሳል ነው።

«ሰላም ዋላችሁ» አሉ። «እኔ ዛሬ ተጠይቄ፣ እውነቱን መልሼ፣ ተመልሻለሁ። ከዚህ በፊት ተጠይቄ አላውቅም፤ ስላከበራችሁኝ ነው። ክብራችሁን ወስጄ ለበሽተኛ አደጋ አድርጌ ልሰጠው ነበር። ሌላው ጉዳይ የሩዙ ነው። እስከ ዛሬ ጥጥ የሌለበት ክንድ ሩዝ አይወስድም ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ሩዙ ለመልሱ ነው። ተቀምጦ እውነቱን የተናገረ፣ ደሙ ቢወሰድም ባይወሰድም፣ ሩዙን ይዞ ይሂድ።»

«ደም ሳይሰጥ ሩዝ?» አለ አቶንግ። «ሊቀ መንበር፣ መንደሩ ሁሉ ይሰለፋል እኮ።»

«ይሰለፍ። ለሩዝ ብሎ ከሚዋሽብኝ፣ ለሩዝ ብሎ እውነት ቢናገር ይሻለኛል።»

ቀጥሎ አንድ ወጣት ዓሣ አጥማጅ ከሰልፉ ወጥቶ ነርስ ኬን፣ «ቅድም ያልኩሽን ነገር ላስተካክለው እችላለሁ?» አላት። ከእሱም ኋላ አንዲት የሱቅ ባለቤት፣ «እኔም ረስቼው የነበረ ነገር አለ» አለች። በዚያ ቀን የረሱ ሰዎች ብዙ ነበሩ።

ሹይሙ የልጃቸውን ሩዝ በሁለት እጃቸው አቀበሉት፤ በዚያ አገር በሁለት እጅ የሚሰጠው ለሚከበር ሰው ነው። ከዚያ በቤተ መቅደሱ ደረጃ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«የመጨረሻዎን አሳጣሁዎት፣ አባዬ» አለ ጓንቲንግ።

«አንተ አይደለህም። ቧንቧው ነው።»

ጓንቲንግ ከዪሹን ሰምቶ ኖሮ ሳቁን መያዝ አቃተው። አባቱ እስኪጨርስ ጠበቁት።

«ፈሪ ስልህ ለምን ዝም አልከኝ?»

«እውነቱን ብነግርዎት ከሁለት አንዱን ይጠሉ ነበር፤ ወይ ሕጉን፣ ወይ እኔን። ሕግ እንደሚያከብሩ አውቃለሁ።»

«አሁንም አከብራለሁ» አሉ ሹይሙ። «አጥርን የሚያከብር ሰው ነው የተሳሳተ ቦታ ላይ የቆመውን ምሰሶ ነቅሎ የሚተክለው። አጥሩን የናቀማ ዘሎ ይሄዳል። እኔ ዝለል ብዬህ ነበር። አንተ አልዘለልክም።» እጃቸውንም በልጃቸው ጉልበት ላይ አሳረፉ። ሲያስተምሩት፣ ሲገርፉትና ሲድሩት ያላደረጉትን ያን ዕለት አደረጉት፤ እጃቸውን እዚያው ተዉት።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ባጭሩ መናገር ይገባል፤ ምክር ፍሬው ካልታየ ወሬ ነውና።

ሱዩን ተመረመረች። ቫይረሱ በጉበቷ ውስጥ ተኝቶ ተገኘ። ቫይረሱ ገና ሳይነቃ ስለተደረሰበት በመድኃኒትና በክትትል ረጅም ዕድሜ እንደምትኖር ሐኪሙ ነገራት። ሹይሙ ደግሞ ነጻ ሆነው ተገኙ፤ ተከተቡም። አሁን በሱቁ የፊት በር ነው የሚገቡት። «ሳይጠየቅ የኖረ ሰው ሳይታከም ይሞታል» ትላለች ሱዩን ለደንበኞቿ፣ ሽሮፕ እያፈሰሰች።

የጥያቄው ጠረጴዛ ከማጉያው ርቆ፣ ቤተ መቅደሱ ለድሮ ቴአትር ይጠቀምበት በነበረ የመድረክ መጋረጃ ተከለለ። ሹይሙ ደም መስጠት ስለማይችሉ ከመጋረጃው ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጆሮ የሚጥለውን ሁሉ ያባርራሉ። ከመጋረጃው ደም ሳይሰጥ የሚመለስ ሰው በዝቷል። ከሚመለሱት ብዙዎቹ ግን ጊዜያቸው ሲያልፍ ያለ ሐፍረት ተመልሰው ይመጣሉ፤ ዱሮ ዋሽቶ የሚሰጠው ይሰጥ ነበር፣ መዋሸት ያልፈለገው ደግሞ እስከ ወዲያኛው ይቀር ነበር። ነርስ ኬ፣ አሁን ደሙን ስንጭን እጄ አይከብደኝም ትላለች።

የደም ማዕከሉ ሐኪም ለጉብኝት የመጣች ዕለት ሹይሙ የኩሬውን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገሯት። «ለሁሉም አንድ ጥያቄ ሲሆን» አሏት፣ «በሽተኛው ይጠበቃል፣ ምክንያቱም እንደ እኔ ያለው ያመልጣችሁ ነበር። ደሙም ይጨምራል፣ ምክንያቱም እንደ ልጄ ያለው ደጅ ቆሞ ቀርቷል። ሰውም አይዋሽም፣ ምክንያቱም ምን ሠራህ ሲሉት ይመልሳል፣ ምንድን ነህ ሲሉት ግን ይደበቃል።» ሐኪሟ ጉዳዩ በሚመለከታቸው ዘንድ እየተጠና ነው አለቻቸው። ሹይሙም፣ «እኛም ኩሬውን አፍስሰን መመርመሪያው እስኪመጣ ጠብቀናል። ጥናቱ ግን ዓሣው ሳያረጅ ይለቅ» ብለው ሻይ ቀዱላት።

ጓንቲንግ በየዓመቱ ይመጣል። መጋረጃው ውስጥ ይገባል፤ ይጠየቃል፤ ይመልሳል፤ ጥጥ ሳይኖረው ይወጣል፤ ሩዙን ከአባቱ ሁለት እጅ ይቀበላል። ደጅ ዪሹን ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቀዋል።

ባለፈው ዓመት አቶንግ የከበሮውን ማስቀመጫ ሲያጸዳ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ቀይ ወረቀት አገኘ። ዘርግቶም አነበበው፦ አባት እጅጌውን ያወርዳል፤ ልጅ እጅጌውን ይሰበስባል።

«ይህ ምን ያደርጋል? ልጣለው?» አላቸው።

«መልሰህ ጠቅልለው» አሉ ሹይሙ። «ግማሹ ደርሷል። የቀረው የመንግሥት ነው።»